መሣሪያው ከኮምፒውተር አልገናኝ ሲል፦ የጆሮ መለያ አንባቢና የሚዛን ችግር ከየት ይፈለጋል?

የቁም እንስሳት ንግድ ከእጅ መዝገብ ወደ ኤሌክትሮኒክ ንባብ በተሸጋገረባቸው ቦታዎች አንድ አዲስ የመዘግየት ምክንያት አብሮ መጥቷል። እንስሳቱ ተመርምረዋል፣ ተከትበዋል፣ ተመዝነዋል። የጆሮ መለያቸውም በእጅ በሚያዝ አንባቢ አንድ በአንድ ተነቧል። የቀረው ዝርዝሩን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ፣ አትሞ ከጤና ሰርተፍኬቱ ጋር ማያያዝ ብቻ ነው። ገመዱ ሲሰካ ግን ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ጨርሶ አያየውም፤ ወይም የማይታወቅ ዕቃ ተሰክቷል ብሎ ዝም ይላል።

በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይደረጋል። ወይ መሣሪያው ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ከተማ ይላካል፣ ወይ እንስሳቱ እንደገና ወደ ክራሽ ገብተው ይነበባሉ። ሁለቱም ውድ ናቸው። ለምሳሌ በአማካይ 300 ኪሎ የሚመዝኑ 300 በሬዎች ያሉት አንድ ላኪ እንውሰድ። አንድ በሬ በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል ቢባል ለአንዱ 7.5 ኪሎ፣ ለሁሉም 2,250 ኪሎ፣ ማለትም 22.5 ኩንታል መኖ በየቀኑ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ውሃው፣ የጠባቂው አበልና የቆመው መኪና ኪራይ ይደመራል። ሁለተኛ ጊዜ ወደ ክራሽ የሚገባ እንስሳ ይደናገጣል፣ ይጋጫል፣ ክብደትም ይጥላል። ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ከበርበራ ወይም ከጅቡቲ የሚነሳ መርከብ ለአንድ ገመድ ብሎ አይጠብቅም።

ሰነዱ ቀላል ነገር አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 በሪፍት ቫሊ ፊቨር ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ የቁም እንስሳትን አግዳ ገበያው ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ ወዲህ፣ የለይቶ ማቆያና የምርመራ ሰነድ የዚህ ንግድ መግቢያ በር ሆኗል። ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ከእንስሳው ጆሮ ቁጥር ጋር ካልገጠመ እንስሳው ጤነኛ መሆኑ ብቻውን አያሳልፈውም።

ደግነቱ፣ የመገናኘት ችግር የሚፈለግበት የታወቀ ቅደም ተከተል አለው። ፍለጋው ከርካሹ ተነስቶ ወደ ውዱ ይሄዳል፦ ገመድ፣ ፖርት፣ ኃይል፣ የመሣሪያው አሠራር፣ ድራይቨር፣ የፖርት ቁጥር፣ በመጨረሻ ፕሮግራሙና ፋይሉ። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ የመዝገብ ሠራተኛ ባለሙያ ሳይጠራ ብዙውን ችግር ራሱ ሊፈታው ይችላል።

ከሁሉ በፊት የተነበበውን ማዳን

ኮምፒውተሩ መሣሪያውን አላየውም ማለት ቁጥሮቹ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። ቁጥሮቹ በአንባቢው የራሱ ማከማቻ ውስጥ ተቀምጠዋል። አደጋው የሚመጣው ችግሩን ለመፍታት ከሚቸኩል እጅ ነው። መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ይዘቱ መመለስ፣ ማከማቻውን ማጽዳት ወይም አዲስ ፕሮግራም መጫን ከሁሉ መጨረሻ የሚሞከር እንጂ የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም።

በተለይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ አንባቢ ሲሰካ እንደ ፍላሽ ሆኖ ይታያል። ግንኙነቱ ሲቆራረጥ ወይም ፋይሉ ሲጎዳ ዊንዶውስ «ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» የሚል መልእክት ያወጣል። እሺ ማለት የቀኑን ሥራ በሙሉ መሰረዝ ነው። ትክክለኛው መልስ እምቢ ብሎ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ሌላ ገመድና ሌላ ፖርት መሞከር ነው።

ስለዚህ ምንም ከመነካቱ በፊት ሦስት ነገር ይደረጋል። አንደኛ፣ በአንባቢው ስክሪን ላይ የሚታየው ጠቅላላ የንባብ ብዛት በወረቀት ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ባትሪው እንዳይሞት መሣሪያው በራሱ ቻርጀር ይሞላል፤ ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሩ ባይጠፋ እንኳ ቀኑና ሰዓቱ ሊዛባ ይችላል፣ ቀኑ የተሳሳተ ዝርዝር ደግሞ ኬላ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ሦስተኛ፣ አንባቢው ብሉቱዝ ካለው ዝርዝሩ አስቀድሞ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ዝርዝሩ ስልክ ላይ ካረፈ በኋላ የገመዱን ችግር ተረጋግቶ መፈለግ ይቻላል።

መብራቱና ድምፁ የሚናገሩት

የጆሮ መለያ አንባቢም ሆነ የዲጂታል ሚዛን ማሳያ በውስጡ የራሱ ትንሽ ኮምፒውተር አለው። ሲሰካ ከትልቁ ኮምፒውተር ጋር በመጀመሪያ ይተዋወቃል፦ ማን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነና ስንት ኃይል እንደሚፈልግ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው መረጃ የሚያስተላልፈው። መተዋወቁ የት ላይ እንደተቋረጠ ከሁለት ምልክቶች ይታወቃል። አንዱ የመሣሪያው መብራት ነው፤ ሌላው ኮምፒውተሩ ዕቃ ሲሰካበት የሚያሰማው ድምፅ ነው።

• መብራትም ድምፅም ከሌለ ችግሩ ኃይል ላይ ነው፦ ገመዱ ተበጥሷል፣ ፖርቱ ሞቷል ወይም የመሣሪያው ባትሪ ፈጽሞ አልቋል።

• መብራት ኖሮ ድምፅ ከሌለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው፤ ቀጥሎ መሣሪያው ራሱ አለመብራቱ ወይም በብሉቱዝ አሠራር ላይ መቆየቱ ነው።

• ድምፅ ኖሮ «የማይታወቅ ዕቃ» ከተባለ መተዋወቁ ተጀምሮ ተቋርጧል፦ የላላ መሰኪያ፣ የቆሸሸ ጫፍ፣ የተጎዳ ገመድ ወይም ያነሰ ኃይል።

• ድምፅ ኖሮ መሣሪያው በስሙ ከታየ፣ ነገር ግን የመዝገብ ፕሮግራሙ ካላየው፣ ገመዱ ደህና ነው፤ ችግሩ ድራይቨሩ፣ የፖርት ቁጥሩ ወይም ፕሮግራሙ ጋ ነው።

ይህን ለመለየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመጨረሻው ምልክት የታየበት ሰው ገመድ ፍለጋ ገበያ መውጣት የለበትም፤ ሁለተኛው የታየበት ደግሞ ድራይቨር በማውረድ ግማሽ ቀን ማባከን የለበትም።

ገመዱ፦ የሚያበራ ግን የማያወራ

በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኃይል ያስተላልፋሉ፤ ሁለቱ መረጃ ያስተላልፋሉ። ገበያ ላይ ከርካሽ ቻርጀር ጋር የሚሸጡ አንዳንድ ገመዶች ግን የኃይሉ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያላቸው። ስልክ ይሞላሉ፣ የአንባቢውንም መብራት ያበራሉ፤ መረጃ ግን አያሳልፉም። ከውጭ ሲታዩ ከደህናው ገመድ አይለዩም።

መለያው ቀላል ነው። ያው ገመድ ስማርት ስልክን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ፎቶዎቹን ማሳየት ከቻለ የመረጃ ሽቦ አለው። ስልኩ ቻርጅ ብቻ አድርጎ ምንም ካልታየ፣ የስልኩ ስክሪን ተከፍቶ ፋይል የማስተላለፍ ፈቃድ ተሰጥቶት እንኳ ካልታየ፣ ገመዱ ለሥራው አይሆንም። እንዲህ ያለው ገመድ ወዲያው ምልክት ተደርጎበት ከመሣሪያው ሳጥን መውጣት አለበት፤ አለዚያ ነገም ያታልላል።

ርዝመትም ይቆጠራል። በተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ደንብ የገመድ ርዝመት ከ5 ሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል። ኮምፒውተሩን ጥላ ሥር፣ ሚዛኑን በረት ውስጥ አድርጎ በማስረዘሚያ ላይ ማስረዘሚያ መቀጠል ግንኙነቱን የሚያቆራርጥ የተለመደ ስህተት ነው። አዲሱ የሲ ዓይነት መሰኪያ ባላቸው መሣሪያዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥማል፦ ሁለቱም ጫፉ ሲ የሆነ ገመድ አልሠራ ሲል፣ በአንድ በኩል አሮጌው ሰፊ መሰኪያ ያለው ገመድ ሊሠራ ይችላል። ርካሽ መሣሪያዎች ለሁለት ጫፍ ሲ ገመድ የሚያስፈልገው ትንሽ ዕቃ ሳይገጠምላቸው ስለሚቀር ነው።

በመጨረሻ መሰኪያው ራሱ ይታያል። በረት ውስጥ የዋለ አንባቢ አፉ ላይ አቧራና የደረቀ እበት ይጋግራል። መሣሪያው ጠፍቶ፣ በደረቀ ለስላሳ ብሩሽ ወይም በቀጭን እንጨት ቀስ ብሎ ይጠረጋል። በውሃ መጥረግ ወይም በአፍ እፍ ማለት እርጥበት ያስገባል፤ መርፌና ምስማር ደግሞ ውስጡን ያጣምማል።

ፖርቱና ኃይሉ

በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ የፊቱና የኋላው ፖርት እኩል አይደሉም። የኋላው በቀጥታ ዋናው ሰሌዳ ላይ የተገጠመ ነው፤ የፊቱ ግን በውስጥ በኩል በሌላ ቀጭን ገመድ የተቀጠለ ነው። ፊት ለፊት አልሠራ ያለ መሣሪያ ከኋላ ሲሰካ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ለአንባቢና ለሚዛን የኋላው ይመረጣል።

ዩኤስቢ 2.0 ፖርት በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ዩኤስቢ 3.0 እስከ 900። ባትሪው ያለቀ አንባቢ ከዚያው ፖርት ሊሞላም፣ ሊያወራም ሲሞክር ኃይሉ ሊያንሰው ይችላል። የራሱ ኃይል በሌለው ማከፋፈያ ላይ ማውስ፣ ኪቦርድ፣ ፕሪንተርና አንባቢ አንድ ላይ ሲሰኩ ደግሞ ያው 500 ሚሊአምፔር ለሁሉም ይከፋፈላል። መፍትሔው አንባቢውን አስቀድሞ በቻርጀሩ ሞልቶ፣ ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ መሰካት ነው።

መጀመሪያ ሠርቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ግንኙነት ግን ሌላ ምክንያት አለው። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ሥራ የፈታ የመሰለውን ፖርት ያስተኛል። በሁለት በሬዎች መካከል ረጅም ክፍተት ሲኖር ሚዛኑ የጠፋ የሚመስለው በዚህ ጊዜ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ተከፍቶ፣ የዩኤስቢ ሩት ሃብ የኃይል አያያዝ ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደው ምልክት ሲነሳ ችግሩ ይቆማል።

በጄኔሬተር የሚሠራ ቢሮ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ሲነካ እጅ የሚነዝር ከሆነ የመሬት መስመሩ የለም ወይም ተበላሽቷል። በዚያ ሁኔታ መሣሪያ መሰካት ፖርቱንም መሣሪያውንም ሊያቃጥል ይችላል፣ ለሠራተኛውም አደጋ ነው። መስመሩ እስኪስተካከል በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ መጠቀም ይሻላል።

መሣሪያው በምን መልክ ነው የሚያወራው?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚባክነውም ይህ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ለኮምፒውተሩ ራሳቸውን ከሦስት በአንዱ መልክ ያስተዋውቃሉ።

በመጀመሪያው እንደ ፍላሽ ይታያሉ፤ ፋይሉ ተከፍቶ ይገለበጣል፣ የተለየ ድራይቨርም አይፈልግም። በሁለተኛው እንደ ኪቦርድ ይሠራሉ፦ የጆሮ መለያው ሲነበብ ቁጥሩ ጠቋሚው ባለበት ቦታ ሰው እንደተየበው ሆኖ ይጻፋል። በሦስተኛው እንደ ኮም ፖርት ይታያሉ፤ ይህኛው ድራይቨርም፣ ትክክለኛ የፖርት ቁጥርም፣ የሚያዳምጥ ፕሮግራምም ይፈልጋል። ብዙ አንባቢዎች ከአንድ በላይ መልክ ስላላቸው በሜኑአቸው ይመረጣል። በኪቦርድ መልክ የተቀመጠን አንባቢ ኮም ፖርት ውስጥ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም።

የፈረንሳይኛ ኪቦርድ ወጥመድ

በኪቦርድ መልክ የሚሠራ አንባቢ ለጅቡቲ ተመላላሽ ነጋዴዎች የተለየ ችግር ያመጣል። አንባቢው የሚልከው ቁጥሩን ራሱን አይደለም፤ የተነካውን ቁልፍ ቦታ ነው። የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይኛው ረድፍ ሲነካ ቁጥር ይጽፋል። የፈረንሳይኛው ግን ሺፍት ካልተያዘ በስተቀር በዚያው ረድፍ ላይ ምልክቶችንና አናታቸው ላይ ጭረት ያለባቸውን ፊደላት ይጽፋል። ስለዚህ ሞጆ ወይም አዳማ ላይ በደንብ ሲሠራ የነበረ አንባቢ፣ ፈረንሳይኛ የተጫነበት የጅቡቲ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ በቁጥር ፈንታ የምልክት መዓት ያፈስሳል።

መሣሪያው አልተበላሸም። በስክሪኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ የሚታየው የቋንቋ ምልክት ወደ እንግሊዝኛ ሲቀየር ወይም አንባቢው ራሱ በሜኑው ወደ ፈረንሳይኛ ኪቦርድ ሲቀየር ቁጥሩ ይመለሳል። የአማርኛ ወይም የአረብኛ መጻፊያ በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይም ከንባብ በፊት ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይገባል። ጠቋሚው የት እንዳለም መታየት አለበት፤ ኤክሴሉ ከኋላ ሆኖ ሌላ መስኮት ከተከፈተ ቁጥሮቹ እዚያ ይፈስሳሉ፣ አንባቢውም ያነበበ መስሎ ይጮኻል።

ድራይቨሩና የተመሳሰለው ቺፕ

ድራይቨር በኮምፒውተሩና በመሣሪያው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። በኮም ፖርት መልክ የሚያወሩ መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ከታወቁ ጥቂት ቺፖች አንዱን ነው፦ ኤፍቲዲአይ፣ ሲፒ210፣ ፕሮሊፊክ ወይም ሲኤች340። የትኛው እንደሆነ ከታወቀ ድራይቨሩን ማግኘት ቀላል ነው።

መመልከቻው ዲቫይስ ማኔጀር ነው፤ የስታርት ምልክቱ በቀኝ ክሊክ ሲነካ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። መሣሪያው አጠገቡ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ካለበት ተከፍቶ የኮዱ ቁጥር ይነበባል። ኮድ 28 ማለት ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 10 ማለት ዊንዶውስ መሣሪያውን ማስጀመር አልቻለም ማለት ነው፤ ድራይቨሩ የማይገጥም መሆኑ ይጠረጠራል። ኮድ 43 ማለት መሣሪያው ራሱ ችግር እንዳለበት ተናግሮ ቆሟል ማለት ነው፤ ገመድ፣ ፖርትና ኃይል እንደገና ይታያሉ። ይህ ቁጥር ለባለሙያ በስልክ ሲነገር «አይሠራም» ከማለት የበለጠ ይረዳል።

ዊንዶውስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ድራይቨሩን ብዙ ጊዜ ራሱ ፈልጎ ይጭናል። ችግሩ ሞያሌ፣ ቶጎ ውጫሌ ወይም መተማ ላይ ኢንተርኔቱ በተፈለገው ሰዓት ይኖራል ብሎ መተማመን አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ ቢሮ ሳለ ተጭኖ፣ ተሞክሮ፣ መጫኛውም በፍላሽ ተይዞ መውጣት አለበት።

ሌላው ጉዳይ የተመሳሰለ ቺፕ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡ የሚዛን ማገናኛ ገመዶች ውስጥ የታወቀውን ቺፕ አስመስለው የተሠሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል የተሰራጨ የኤፍቲዲአይ ድራይቨር የተመሳሰሉ ቺፖችን መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ ቀይሮ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሥራ አቁመው ነበር፤ ድራይቨሩም ተቃውሞ ገጥሞት ከማሻሻያው ተነስቷል። የፕሮሊፊክ አዲስ ድራይቨሮችም አሮጌና የተመሳሰሉ ቺፖችን አይቀበሉም፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ቺፑ ከ2012 ጀምሮ ከምርት ወጥቷል የሚል ጽሑፍ በዲቫይስ ማኔጀሩ ይታያል። ትናንት ሲሠራ የነበረ ገመድ ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ወይም ታድሶ ዛሬ ካቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። መፍትሔውም ገመዱን በታማኝ ሻጭ ገመድ መተካት ነው።

የኮም ቁጥሩ ሲሸሽ

መሣሪያው በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ለምሳሌ «ኮም 5» ተብሎ በትክክል ታይቶ፣ ፕሮግራሙ ግን ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ፕሮግራሙ የሚያዳምጠው «ኮም 3»ን ከሆነ ሁለቱ አይገናኙም። ይህ የሚሆነው መሣሪያው ከዚህ በፊት ተሰክቶበት ከነበረው የተለየ ፖርት ላይ ሲሰካ ነው፤ አንዳንድ ቺፖች የራሳቸው መለያ ስለሌላቸው ዊንዶውስ በየፖርቱ አዲስ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ማስተካከል ወይም ሁልጊዜ በአንድ ፖርት ብቻ መሰካት ይበቃል። ፖርቱ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ ርካሽና ጠቃሚ ዘዴ ነው።

ሌላው የተለመደ ምክንያት አንድን ኮም ፖርት በአንድ ጊዜ መክፈት የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ መሆኑ ነው። የሚዛኑ ፕሮግራም ከኋላ ተከፍቶ ሳለ የመዝገቡ ፕሮግራም ሲከፈት «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልስ ይመጣል። አንዱን መዝጋት ወይም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ይፈታዋል።

ሚዛን ላይ የሚለየው

ብዙ የእንስሳት ሚዛን ማሳያዎች ዛሬም ዘጠኝ እግር ባለው አሮጌ ሲሪያል መሰኪያ ነው የሚወጡት፤ ከዩኤስቢ ጋር የሚገናኙትም በመለወጫ ገመድ ነው። እዚህ የሚታየው ምልክት ራሱ ይመራል። በስክሪኑ ላይ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ከመጣ ግንኙነቱ አለ፤ ያልተስማማው ፍጥነቱ ነው። ብዙ ሚዛኖች በ9600 ፍጥነት፣ በ8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ በ1 ማቆሚያ ቢት ይሠራሉ፤ የማሳያውና የፕሮግራሙ ቅንብር አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ምንም ጽሑፍ ካልመጣ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ማሳያው ክብደቱን ያለማቋረጥ እንዲልክ ነው የተቀመጠው ወይስ የማተሚያው ቁልፍ ሲነካ ብቻ? ሁለተኛው ከሆነ ቁልፉ እስኪነካ ዝም ማለቱ ትክክል ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ሚዛን 2ኛውና 3ኛው እግር የተሻገሩበት ገመድ ይፈልጋል፤ ቀጥተኛው ገመድ ላኪን ከላኪ ጋር ያገናኛልና ማንም አይሰማም።

አንባቢው አላነብ ሲል ሁሉ ገመድ አይደለም

የእንስሳት ኤሌክትሮኒክ መለያዎች በዓለም አቀፉ ደንብ በ134.2 ኪሎኸርዝ ይነበባሉ። ይህ ዝቅተኛ ሞገድ በአካባቢው ባለ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ይረበሻል። ከኮምፒውተር ስክሪን፣ ከላፕቶፕ ቻርጀር ወይም ከጄኔሬተር አጠገብ የቆመ አንባቢ የንባብ ርቀቱ ያጥርበታል ወይም ጭራሽ አያነብም። ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ማንበብም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያላነበበን መሣሪያ ተበላሽቷል ከማለት በፊት ገመዱን ነቅሎ፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃዎች ራቅ ብሎ በአንድ መለያ መሞከር ይገባል። የተሻለው ልማድ በባትሪ ማንበብ፣ ቀጥሎ መሰካትና ማውረድ ነው።

ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ

መሣሪያው ተገናኝቶ ፋይሉ ወርዶ ሥራው ያለቀ ሲመስል ትልቁ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። የእንስሳው ቁጥር 15 አሃዝ ነው። ቁጥሩ የአገር መለያ ከያዘ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ይታወቃል፦ ኢትዮጵያ 231፣ ኬንያ 404፣ ሶማሊያ 706፣ ጅቡቲ 262፣ ሱዳን 729፣ ደቡብ ሱዳን 728። ከ900 እስከ 998 ባለው የሚጀምር ከሆነ ግን ሦስቱ አሃዞች የሚያመለክቱት አገርን ሳይሆን የመለያውን አምራች ነው።

በነጠላ ሰረዝ የተለየው የሲኤስቪ ፋይል በሁለት ክሊክ በኤክሴል ሲከፈት ኤክሴል ይህን ረጅም ቁጥር እንደ ሒሳብ ቁጥር ይቆጥረዋል፤ አሳጥሮም በ2.31 የሚጀምርና መሃሉ ላይ የእንግሊዝኛ «ኢ» ፊደል ያለበት አድርጎ ያሳየዋል። እስከዚህ ድረስ ውስጡ ያለው ቁጥር አልጠፋም። ፋይሉ በዚያው መልክ ተመልሶ ሲኤስቪ ሆኖ ሲቀመጥ ግን የሚቀረው አጭሩ ነው። የ300 በሬ ቁጥር አንድ ዓይነት ይሆናል፣ መመለሻም የለውም። ከፊቱ ሌላ አሃዝ ተጨምሮበት 16 የሆነ ቁጥር ደግሞ ኤክሴል 15 አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ የመጨረሻው አሃዝ ወደ ዜሮ ይቀየራል።

መከላከያው ሦስት እርምጃ ነው። ከአንባቢው የወረደው ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል፤ የሚሠራበት ቅጂው ነው። ፋይሉ በኤክሴል የዳታ ሜኑ በኩል ይገባና የቁጥሩ ዓምድ «ቴክስት» ተብሎ ይመረጣል። ከዚያ ቆጠራ ይደረጋል፦ በፋይሉ ያለው መስመር በወረቀት ከተጻፈው የንባብ ብዛት ጋር ይመሳከራል፣ የተደገመ ቁጥር ይፈለጋል፣ ከዝርዝሩ ላይ አምስት ቁጥር ተመርጦ ከእንስሳቱ ጆሮ ጋር ይተያያል። ይህ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው የአንባቢው ማከማቻ የሚጸዳው።

ከመንገድ በፊት

የዚህ ሁሉ ፍለጋ አብዛኛው ክፍል ከቢሮ ሳይወጡ ሊያልቅ ይችላል። በመሣሪያው ሳጥን ውስጥ የሚከተሉት ቢኖሩ ይበቃል፦ መረጃ የሚያስተላልፉ ሁለት የተሞከሩ ገመዶች፣ የመሣሪያው ቻርጀር፣ ድራይቨሩና ፕሮግራሙ የተጫነበት ፍላሽ፣ የሙከራ የጆሮ መለያ አንድ፣ ደረቅ ብሩሽ፣ እንዲሁም የኮም ቁጥሩ፣ የሚዛኑ ፍጥነትና የአንባቢው መልክ የተጻፈበት አንድ ወረቀት። በመነሻው ዋዜማ ሦስት መለያ አንብቦ፣ ፋይሉን አውርዶ፣ ከፍቶና አትሞ መሞከር አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ሙከራው የሚደረገው ጉዞ ላይ በሚያገለግለው ኮምፒውተር እንጂ በቢሮው ሌላ ኮምፒውተር መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መሣሪያው በሌላ ኮምፒውተርና በሌላ ገመድም ካልታየ፣ ያኔ በእርግጥ የተበላሸው መሣሪያው ነው፤ ወደ ጥገና ቢላክ ተገቢ ነው። ዝርዝሩ ግን በብሉቱዝ ወይም ከስክሪኑ በእጅ ተገልብጦ መጀመሪያ መውጣት አለበት። ለላኪው ተጨማሪ ገመድ መግዛት ትንሽ ወጪ ነው፤ ዝርዝር አጥቶ የቆመ መንጋ ግን በየቀኑ 22.5 ኩንታል መኖ ይጠይቃል።